አማቴ ልጄን ለሞቱት አያቶች ሊያስተዋውቁት ነው፤ ዝም ልበል?

የጠያቂው ጉዳይ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጆሃንስበርግ ከመጣሁ 9 ዓመቴ ነው። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለኝ። ከአንዲት ዙሉ ጋር እየኖርኩ ወንድ ልጅ ወልደናል፤ 7 ወሩ ነው። እናቷ የጽዮን ቤተክርስቲያን አባል ናቸው። እሁድ እሁድ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አረንጓዴ መቀነት ታጥቀው፣ ዱላ ይዘው ሜዳ ላይ ይጸልያሉ። ልጁን ሲያስለው የተጸለየበት ውኃ በአመድና በጨው በጥብጠው ያጠጡታል። አሁን ደግሞ ‹ፍየል ታርዶ ለአያቶች ካልተነገረለት ልጁ አይጠናም› ብለው ቀን ቆርጠዋል። እምቢ ስል ‹የእኛ እምነት እኮ ከእናንተ ከኢትዮጵያ ነው የመጣው› አሉኝ። እኔ ያደግሁት ወንጌላውያን ቤት ነው። ይሄ ጥንቆላ ነው ወይስ ክርስትና? ልጄን ይዤ ልውጣ?»

የመጨረሻውን አስቀድሜ ልመልስ። ልጁን ይዘህ አትውጣ። እናቱ ሳትስማማ ሕፃን ይዞ መሰወር በደቡብ አፍሪካ ሕግ ከባድ ጣጣ ያመጣብሃል። ልጁን ለማትረፍ ብለህ ልጁንም እናቱንም ልታጣ ትችላለህ። የቀረው ግን በንግግር የሚፈታ ነው። ለመነጋገር ደግሞ ነገሩን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ አሁን ቤተክርስቲያኑን፣ ውኃውንና ፍየሉን አንድ ከረጢት ውስጥ ከተሃቸዋል። የመጡት ከተለያየ ቦታ ነው። በተለይ ፍየሉ አንተ እንደጠረጠርከው ከቤተክርስቲያኑ የመጣ አይደለም።

አማትህ «ከኢትዮጵያ ነው የመጣው» ያሉህን እንደ ማታለያ አትቁጠርባቸው። መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ ጥቁር የሜቶዲስት ቄስ ፕሪቶሪያ ላይ ከቤተክርስቲያናቸው ወጡ። የወጡት በትምህርተ ሃይማኖት ተጣልተው አይደለም። ጥቁርና ነጭ አገልጋዮች ለየብቻ እንዲሰበሰቡ መደረጉ፣ ጥቁሩ የቱንም ያህል ቢያገለግል ከነጭ በታች መቅረቱ አንገፍግፏቸው ነው። ያቋቋሙትን «የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን» ብለው ሰየሙት። ለስሙ አዲስ አበባ አልመጡም። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው የዳዊት መዝሙር ነው የወሰዱት። ለእነሱ ኢትዮጵያ ማለት ክርስትናን ከነጭ እጅ ያልተቀበለች ጥቁር አገር ማለት ነበረች። ከ4 ዓመት በኋላ የአድዋ ወሬ ሲደርስ ስሙ ይበልጥ ከበረ። ይህን ሳነብ ዛሬም ልቤ ይሞቃል። ነገር ግን ከእኛ ዘንድ ካህን ሄዶ አላጠመቃቸውም። ታቦትም ግዕዝም አልወሰዱም። የወሰዱት ስሙንና ተስፋውን ነው።

የአማትህ «ጽዮን» ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እሱ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ጆን አሌክሳንደር ዳዊ የሚባሉ በጸሎት ፈውስ የታወቁ ሰባኪ ከቺካጎ በስተሰሜን ጽዮን የምትባል ከተማ ቆረቆሩ። በእሳቸው ቤት ሐኪምና መድኃኒት የለም፤ የአሳማ ሥጋ፣ ትምባሆና መጠጥም ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 መልእክተኛቸው ዳንኤል ብራያንት ደቡብ አፍሪካ ገብተው ዋከርስትሩም በምትባል የገጠር ከተማ ከ100 በላይ ሰው አጠመቁ። ከዚያች ጥምቀት ተነሥተው ነው ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩት የጽዮን አብያተ ክርስቲያናት የተባዙት። ትልቁ ኤንጌናስ ሌክጋንያኔ በ1920ዎቹ አጋማሽ የመሠረቱት ነው። ማዕከሉ ሞሪያ ይባላል፤ ፖሎክዋኔ አጠገብ ነው። በፋሲካ ወደዚያ የሚጎርፈው ሕዝብ በሚሊዮን ይገመታል። ሱቅህ ከሚመጡ ደንበኞች ደረት ላይ በጥቁርና አረንጓዴ ጨርቅ የተሰፋች የብር ኮከብ አይተህ ከሆነ የእነሱ ምልክት ናት። እንግዲህ አማትህ አሳማ የማይበሉት ከእኛ ወርሰው ሊመስልህ ይችላል። የኢሊኖይ፣ የዚያች የአሜሪካ ጽዮን ከተማ፣ ውርስ ነው። ዛሬ «ኢትዮጵያ» እና «ጽዮን» የሚሉት ሁለቱም ስሞች አንድ ታፔላ ላይ አብረው ስለሚጻፉ፣ ምዕመኑ ቢያደባልቃቸው አይፈረድበትም።

ወደ ዋናው ጥርጣሬህ ልምጣ። «ክርስትና የለበሰ ባዕድ አምልኮ ነው» የሚለው ክስ አንተ አልጀመርከውም። ቤንግት ሱንድክለር የሚባሉ ስዊድናዊ ሚሲዮናዊ ዙሉ አገር ለዓመታት ኖረው እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አጥንተዋል። በ1940ዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ያንተው ዓይነት ነበር፦ ሰውን ወደ አሮጌው እምነት የሚመልስ ድልድይ ነው አሉ። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይተው ግን ያንን ፍርዳቸውን ራሳቸው አለዘቡት። ድልድዩ ላይ የሚሄደው ሰው በአብዛኛው ወደ ወዲህ እየመጣ ነው እንጂ ወደዚያ እየተመለሰ አይደለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሚሲዮናውያኑ ምን እንዳሉ ማስታወስ ይበቃል። «ድግምት የሚባል ነገር የለም፣ ቡዳ የለም፣ እርሳው» አሉ። ሰውየው እሁድ «እሺ» ብሎ ይዘምራል። ማክሰኞ ልጁ ሲታመምበት በጨለማ ሳንጎማ ከሚሉት የባህል አዋቂ ቤት ይሄዳል፤ አጥንት ተጥሎ ይታይለታል። ጥያቄው አልሄደለትማ! ልጄን ምን ነካብኝ? ማን ላከብኝ? ለምን እኔን? አፍሪካውያኑ ነቢያት ግን ጥያቄውን አልናቁትም። «አዎ፣ የሚያስፈራህ ነገር አለ። ክርስቶስ ግን ይበልጠዋል። ክታብህን አምጣና አቃጥለው» አሉ። ከላይቤሪያ የተነሡት ዊልያም ዋዴ ሃሪስ በ1913 እና በ1914 ነጭ ለብሰው፣ የእንጨት መስቀል ይዘው ኮትዲቯርን በእግራቸው ሲያቋርጡ ሕዝቡ ጣዖቱን እየለቀመ እሳት ውስጥ ጣለ። በኮንጎ ሲሞን ኪምባንጉ በ1921 ለጥቂት ወራት ብቻ ነው የሰበኩት፤ በዚያች ጊዜ ግን መንደር ሙሉ ጣዖቱን አወጣ። ቤልጅጎች አሥረዋቸው 30 ዓመት በእስር ኖረው፣ እዚያው እስር ቤት በ1951 ሞቱ። እንዲህ ያለውን ሰው «የአሮጌው እምነት ጠበቃ» ማለት ግፍ ነው።

ታዲያ አሮጌው ነገር የት ቀረ? በቅርጹ ውስጥ ቀረ። አንድ እሁድ ጠዋት ሜልቪል ኮፒስ ወደሚባለው ኮረብታ ውጣ። ድንጋዩና ሣሩ መሀል ነጭ ለባሾች እዚህም እዚያም ተሰብስበው ታያለህ። አንደኛው ክብ ጋ ጠጋ በል። ጫማ የለም። ከበሮ ይመታል። ምዕመኑ ክቡን እየዞረ ይሮጣል፤ አቧራው ይነሣል፤ ሣሩ ከዓመት ዓመት ከመረገጡ ብዛት በክብ ቅርጽ ተልጧል። መሀል ላይ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። ኡምታንዳዚ የሚባለው ጸሎተኛ ትከሻዋን ይይዝና «ወገብሽን ያምሻል፤ ከቤትሽ ጥል አለ» ይላል። እሷ «አሜን» ትላለች። ሳንጎማ ቤት ቢሆን በየመሀሉ «ሲያቩማ» ትል ነበር፤ እንስማማለን ማለት ነው። አጥንት የለም፤ መንፈስ ቅዱስ ነው የተጠራው። ሙቲ የሚሉት መድኃኒት የለም፤ ውኃ፣ አመድ፣ ጨውና ባለቀለም ክር ነው ያለው። የአጠያየቁና የአመላለሱ ሥርዓት ግን የዱሮው ነው። ሰውየው ጸሎተኛ ነው ወይስ ጠንቋይ የሚለው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ በማን ስም እንደሚጠራ፣ ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ የሰውን ስም ጠርቶ «እሷ ናት ያስደገመችብህ» ይል እንደሆነ። በተለይ የመጨረሻውን የሚል ሰው ካጋጠመህ ዞር በል። እንዲህ ያለ ክስ ቤት አፍርሷል፣ ነፍስም አጥፍቷል። አንተ ደግሞ የውጭ ሰው ነህ፤ ጣቱ ወደ አንተ ለመዞር አይቸገርም።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ «ይሄማ የእኛው ነው» ሊል ይችላል። ነጠላው፣ ጸበሉ፣ እምነቱ፣ ማተቡ፣ ከበሮው፣ መቋሚያው፣ ጫማ ማውለቁ! መመሳሰሉ ግን ከዝምድና የመጣ አይደለም። ሁለቱም ብሉይ ኪዳንን ከልባቸው ያነበቡ ሕዝቦች ናቸው። ሙሴ ጫማውን አወለቀ፤ እነሱም አወለቁ። በሌላ በኩል፣ ወንጌላዊ ሆነህ ሁሉንም በአንድ ቃል ከመኮነንህ በፊት ሰፈርህን አስታውስ። የሕፃን አንገት ላይ ክታብ ያላየ፣ ለአድባር ቡና ሲፈላ ያልሸተተው ማን አለ? ያንን የሚያደርጉ ሰዎች እሁድ ቤተክርስቲያን ይሳለማሉ። ክርስቲያን አይደሉም ብለህ አታባርራቸውም። ታስተምራቸዋለህ እንጂ።

ደግሞም እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ሙታን አያቶች አንድ አቋም የላቸውም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ደርባን አጠገብ ማዕከሉን የተከለው፣ በኢሳያስ ሼምቤ የተመሠረተው የናዝሬት ቤተክርስቲያን ቅዳሜን ያከብራል፣ አያቶችንም በግልጽ ያከብራል። በዚምባብዌ በ1930ዎቹ የተነሡት የማራንጌና የማሶዌ ሐዋርያውያን ግን የአያት መንፈስን ሰይጣን ብለው ያወግዛሉ። በብዙ የጽዮን ማኅበሮች ደግሞ እሁድ ስለ አያቶች አንድ ቃል አይነሣም፤ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ግን ፍየል ይታረዳል። ቄሱ ያውቃል፤ አይጠይቅም፤ አይከለክልም። ስለዚህ «ጽዮኖች እንዲህ ያምናሉ» ብለህ አትከራከር። የአማትህን ቄስ ራሱን አግኘውና «ይህን የፍየል ሥርዓት፣ ኢምቤሌኮን፣ እናንተ ታደርጋላችሁ ወይስ የቤት ነው?» ብለህ ጠይቅ። ብዙውን ጊዜ የምታገኘው መልስ «የቤት ነው» የሚል ነው።

ፍየሉ ላይ ደረስን። አማትህ የሚሉት ሥርዓት ኢምቤሌኮ ይባላል። ቃሉ ቤታችን ውስጥ ያለ ነው፦ አንቀልባ ማለት ነው። ዱሮ የታረደው ፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ ልጁ ይታዘልበት ነበር። ዛሬ በብርድ ልብስ ነው የሚታዘለው፤ ስሙ ግን ቀርቷል። በዕለቱ ኢምፔፖ የሚባል ቅጠል ይጨሳል፤ ሽታው ጥሩ ነው፣ ቤቱን ያውደዋል። የቤቱ ሽማግሌ ጓዳ በኩል ይቆምና የዘሩን የውዳሴ ስሞች እየደረደረ ሙታኑን ይጠራል። «ልጃችሁ ይኸው፣ ስሙ ይሄ ነው፣ ጠብቁት» ይላል። የፍየሉ ሐሞት ልጁን ይነካዋል። ከቆዳው ጠጉሩ ያልተነሣ ቀጭን ማሰሪያ ተቆርጦ እጁ ላይ ይታሰራል። ኢሲፓንድላ ነው የሚሉት። በራሱ ደርቆ እስኪወድቅ አይፈታም።

አሁን በደንብ ስማኝ። በዙሉ ልማድ ልጅን ለአያቶች የሚያስተዋውቀው የአባት ወገን ነው። ልጁ የአባቱ ዘር ነዋ! የእናት ወገን የሚያደርገው በአብዛኛው አባትየው ሳይታወቅ ሲቀር ወይም ታውቆ ሎቦላ የሚሉትን ጥሎሽ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ያኔ ልጁ ወደ እናቱ አባት ቤት ይገባል፤ የዚያን ቤት ስም ይይዛል፤ ለዚያ ቤት ሙታን ይነገርለታል። አንተ ደግሞ «ከአንዲት ዙሉ ጋር እየኖርኩ» አልክ እንጂ «አግብቼ» አላልክም። ሽማግሌ ስለመላክህ አልጻፍክም። ሎቦላ የሚል ቃልም የለበትም። ከጋብቻ በፊት ለተፀነሰ ልጅ የሚከፈል ኢንሽላውሎ የሚሉት ካሣም አለ፤ እሱንም አላነሣህም።

እንደገመትኩት ከሆነ፣ አማትህ በአንተ ላይ ጥንቆላ እየሠሩ አይደለም። ከየት እንደመጣ ዘመድ አዝማዱ የማይታወቅ ሰው ልጃቸውን አስረግዞ አብሯት ይኖራል። አባቱን አላዩም። ወንድሙን አላዩም። ልጁ የማን ነው? አንተ ነገ ወደ አገርህ ብትሄድ ማን ይሰበስበዋል? «አይጠናም» ማለታቸው ይሄን ነው። በእነሱ አስተሳሰብ ወገን ያልተበጀለት ልጅ ያለቅሳል፣ ይታመማል፣ ሲያድግም ይባዝናል። ስለዚህ አያትየው ዘር ሊሰጡት ነው። በእሳቸው ዓይን ይህ ደግነት ነው። አንተ ግን «እምቢ» ስትል የሰሙት «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» የሚለውን አይመስለኝም። «እኔም አልወስደውም፣ እናንተም አትውሰዱት» እንዳልካቸው ነው የሚገባቸው።

ለሙታን መናገር አምልኮ ነው ወይስ አክብሮት? አማኞቹ «አናመልካቸውም፤ አባትህን ‹ጸልይልኝ› እንደምትለው ነው፣ እነሱ ወደ እግዚአብሔር የቀረቡ ናቸው» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ዘዳግም 18ን ያነሣሉ፤ ሙታን ሳቢን የሚከለክለውን። በደቡብ አፍሪካ በነገረ መለኮት መምህራን መካከልም ክርክሩ አላለቀም። ከእኛ ተዝካር ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ተዝካር ላይ ስለ ሟቹ ወደ እግዚአብሔር ይጸለያል። ኢምቤሌኮ ላይ ግን ሟቹ ራሱ ነው የሚጠራው፤ ልጁን እንዲጠብቅ የሚለመነውም እሱ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ባደግህበት ትምህርት ይህን በአፍህ ልትለው አትችልም። እንድትለውም አልመክርህም። ከዚህ በላይ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ መቆምህ ብቻ ለነፍስህ ምን እንደሚሆን የሚነግርህ መጋቢህ ነው፤ የእኔ ሥራ ነገሩ ለሚያደርጉት ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ መንገር ነው።

ውኃው ላይ ግን አልለሳለስም። ኢሲዋሾ ይባላል። ውኃ ይጸለይበታል፣ አመድና ጨው ይገባበታል፤ አንዳንዱ ሌላም ይጨምርበታል። ይረጫል፣ ይታጠቡታል፣ ይጠጣል፣ ለማስታወክ ይወሰዳል፣ በኋላ በኩልም በቧንቧ ይሰጣል። ለአዋቂ ሌላ ነገር ነው። ለ7 ወር ሕፃን ግን ጨውና አመድ ያለበት ውኃ ማጠጣት አደጋ ነው። የሕፃን ኩላሊት ጨውን በደንብ ማስወገድ አይችልም። ማስታወክና ማስቀመጥ ከተጨመረበት በሰዓታት ውስጥ ውኃው ከሰውነቱ አልቆ ሊሞት ይችላል። በኋላ በኩል መስጠትማ ከነጭራሹ አይታሰብ። ይህን የምልህ እምነታቸውን ለማጣጣል አይደለም። በ2022 ዚምባብዌ ውስጥ ኩፍኝ ከ700 በላይ ሕፃናት ሲገድል፣ ብዙዎቹ ክትባት ከማይቀበሉ ሐዋርያዊ ማኅበሮች ቤት ነበሩ። እናቶቹ ልጆቻቸውን የሚወዱ ነበሩ። ፍቅር ስላላነሳቸው አይደለም ልጆቹ የሞቱት።

ለአማትህ እንዲህ በላቸው፦ «እማማ፣ ይጸልዩበት። ይርጩት፣ ገላውን ይጠቡት። በአፉ ግን ከጡትና ከምግቡ በቀር ምንም እንዳይገባ።» «አይንኩት» ካልካቸው ተደብቀው ያጠጡታል። መርጨቱን ስትተውላቸው ማጠጣቱን ለመተው ይቀላቸዋል። ብዙ አያቶች በዚህ ይስማማሉ።

በጣም የገረመኝ አንድ ነገር አለ። በጥያቄህ ውስጥ የልጁ እናት አንድ ቃል አልተናገረችም። አንተ አለህ፣ አማትህ አሉ፣ ፍየሉ እንኳ አለ። እሷ ግን የለችም። ምን ትፈልጋለች? ኢምቤሌኮው ይሁን የምትለው እሷ ናት ወይስ እናቷን ፈርታ ነው? ይህን ሳታውቅ ወደ ማንም አትሂድ። ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛ ጠይቃት። እንድትስማማ አትጫናት፤ አስቀድመህ ስማት።

ከዚያ ያሉህ መንገዶች ብዙ አይደሉም። መጨቃጨቅ ትችላለህ፤ አንተ ሱቅ በዋልክበት ቀን ፍየሉ ይታረዳል፣ የምትሰማው ከጎረቤት ይሆናል። «እሺ ያድርጉ» ብለህ ፊትህን አዙረህ መቀመጥም አለ። ያኔ ግን ልጅህ በይፋ የሌላ ቤት ልጅ ሆነ ማለት ነው፤ ሃይማኖቱ ቀርቶ በአባትነትህም ትጎዳለህ። ለአማትህ ከዚያ የሚበልጥ ነገር መስጠት ደግሞ ሦስተኛው ነው፤ እኔ የምመክርህ እሱን ነው።

ሽማግሌ ላክ። ጆሃንስበርግ ሽማግሌ የሚሆን አበሻ አይጠፋም። ሁለት የተከበሩ ትልልቅ ሰዎች ምረጥ፤ አንደኛው ዙሉኛ አቀላጥፎ የሚናገር ይሁን። ዙሉዎቹም ቤት ይህ ሥርዓት አለ። የሚላኩትን አባኮንጊ ይሏቸዋል። ቀን ይጠየቃል፣ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፣ ድርድር ይደረጋል። አንተ ራስህ አትደራደር፤ ነውር ነው። ሎቦላ ዛሬ በገንዘብ ነው በአብዛኛው፤ በላም ቁጥር ይቆጠርና በራንድ ይተመናል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ መክፈል ግዴታ አይደለም። መጀመርህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ስልክ ደውልና አገር ቤት ያለ አባትህን ወይም አጎትህን ከአማትህ ጋር አገናኝ። በቪዲዮ ይተያዩ። ቋንቋ ባይግባቡ ፊት ይግባባሉ።

ይህ ሲሆን ጨዋታው ይቀየራል። ልጁ የአንተ ቤት ልጅ ይሆናል፤ ለልጁ የሚደረገውን ድግስ የምትወስነው አንተ ነህ። ያኔ ፍየሉን ራስህ ግዛ። እረድ። ዘመድ ጥራ። የምስጋና ቀን አድርገው። የእሳቸው ቄስ ይጸልይ፣ የአንተም መጋቢ ይጸልይ፤ ጸሎቱ ወደ እግዚአብሔር ይሁን። እነሱ የዘር ውዳሴ ስም እንደሚደረድሩት አንተ ደግሞ ልጅህን ታቅፈህ ቆመህ እስከ ሰባት ቤት ቁጠርለት። አባትህን፣ አያትህን፣ ቅድመ አያትህን። ሙታንን አልጠራህም፤ ለቆሙት ሰዎች ይህ ልጅ የማን እንደሆነ ነገርካቸው እንጂ። አማትህ ልብ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ የሚመልሰው ይሄ ነው። እኔ ያየኋቸው ዙሉ ሽማግሎች አንድ እንግዳ የአያቶቹን ስም ሳያቋርጥ ሲጠራ ሲሰሙ በጣም ነው የሚያከብሩት።

የእጅ ማሰሪያውን ኅሊናህ ካልተቀበለው ቀድመህ በሽማግሌዎቹ በኩል አስነግር። በዕለቱ፣ ሰው ፊት፣ ከልጁ እጅ ላይ ቆርጠህ እንዳትጥል። ያ የሰውን ሙታን መርገጥ ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ ዕርቅ የለውም። አማትህ በዚያ ቀን ራሳቸው ጥግ ይዘው ለአያቶቻቸው ሁለት ቃል ቢያወሩስ? የእሳቸውን አፍ መዝጋት አትችልም። የአንተን አፍ ግን ማንም አያስከፍትህም።

ምናልባት ገምቼ ተሳስቼ፣ ሎቦላውን ከፍለህ ጨርሰህ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ያኔ አማትህ የሚያደርጉት የአንተ ወገን አጠገብህ ስለሌለ ብቻ ነው። «የልጁን ድግስ እኔ ነኝ የማደርገው፣ በእኔ ቤት ሥርዓት» ማለት ትችላለህ፤ በራሳቸው ልማድም መብትህ ነው። የተቆረጠው ቀን ቅርብ ከሆነ አሁኑኑ «ሽማግሌ እስክልክ ቀኑን ይግፉልኝ» በላቸው። ሽማግሌ እየመጣ ነው ለተባለ ቤት ቀን መግፋት አይከብድም።

ሳሉ ግን ፍየልም ሽማግሌም አይጠብቅም። ወደ መንግሥት ክሊኒክ ዛሬውኑ ውሰደው፤ ከ6 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ነፃ ነው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቆመ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ። አማትህንም ይዘሃቸው ሂድ። ለነርሷ ምን እንዳጠጡት ይንገሩ፤ አትቆጣቸው፣ እንዳይደብቁ።